ቪሎክን ለመገንባት፦ በእጅ የተጻፈ ሜክፋይል ወይስ ኦቶኮንፍ?

ቪሎክ ትንሽ ፕሮግራም ናት። የሊኑክስ ኮንሶልን (የጽሑፍ ትእዛዝ የሚሰጥበትን ስክሪን) ትቆልፋለች፣ ለመክፈት ፓስወርድ ትጠይቃለች። ኮዷ አጭር ነው። ራስ ምታቱ የግንባታ ቅንብሯን ለዓመታት ይዞ መዝለቁ ላይ ነው።

ድካም፦ ሜክፋይል፣ ማለትም ኮዱ እንዴት እንደሚገነባ የሚዘረዝረው ፋይል፣ ቡና እስኪፈላ ተነብቦ ያልቃል። ኦቶኮንፍ የሚያመነጨው፣ ከግንባታ በፊት ኮምፒውተሩን የሚፈትሸው ስክሪፕት ግን ሺህ መስመሮችን ያልፋል፤ እውነቱን እንነጋገር፣ ማንም አያነበውም።

ዕድሜ፦ ፌዶራ የተባለው ዲስትሮ (የሊኑክስ ስርጭት) በ2018 እ.ኤ.አ. የፓስወርድ ማመስጠሪያውን ግሊብሲ ከተባለው የኮድ ላይብረሪ ሊብኤክስክሪፕት ወደተባለ ሌላ ላይብረሪ አዛወረ። እንዲህ ሲሆን አስፈላጊው ፓኬጅ ካልተጫነ ሜክፋይል መሃል መንገድ ላይ ግራ በሚያጋባ ስህተት ይቆማል። ኦቶኮንፍ ገና ሲጀምር "ይሄ ጎድሏል" ይላል።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። በኦቶኮንፍ ፓም (የሊኑክስ የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓት) ካለ ተጠቀም፣ ከሌለ ዝለል የሚል ራስ ሰር ፍተሻ ከጻፋችሁ፣ አንድ ቀን ፓም የሌላት ቪሎክ ሳታውቁት ትገነባለች። ያቺ ደግሞ የተመሰጠሩ ፓስወርዶች የሚቀመጡበትን የሻዶው ፋይል ለማንበብ የሩት (የዋና አስተዳዳሪ) መብት ትፈልጋለች። መብቱ ከሌላት ትክክለኛ ፓስወርድ አስገብታችሁም ውጭ ትቀራላችሁ። በሜክፋይል ግን ምርጫው "አዎ" ወይም "አይ" ተብሎ ተጽፎ ይታያል። (አዲስ ግንባታ ስትሞክሩ በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ፣ የተከፈተ ሌላ መግቢያ ይኑራችሁ።)

ለራሳችሁ፣ በአንድ ዲስትሮ ላይ ብቻ ከሆነ ሜክፋይል ይበቃል። ለብዙ ዲስትሮ የምታሰራጩ ከሆነ ኦቶኮንፍ ይሻላል፤ ቪሎክን ያቀፈው የኮንሶል መሣሪያዎች ስብስብ ኬቢዲም የሚጠቀመው እሱን ነው። ፓም ሲጠፋ ግን ግንባታው ይቁም እንጂ አይዝለል።