ጠበቃ ትሆናለች ስል ምስክር ሆነች

ባለፈው ጥቅምት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «የምስለ ችሎት ቡድን ውስጥ ገባሁ» ስትለኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ምስለ ችሎት ማለት ተማሪዎች በልብ ወለድ ክስ ላይ ጠበቃና ምስክር ሆነው የሚወዳደሩበት ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በችሎት ጸሐፊነት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ዋሽንግተን መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። ልጄ ዳኛ ፊት ቆማ ስትከራከር ገና ሳላይ ታየኝና ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ ደወልኩ። በሳምንቱ የሥራ ድልድሉ ወጣ። ምስክር! ያውም የሃምሳ ስምንት ዓመት የዳቦ ቤት ሠራተኛ።

ተቀየምኩ። መምህራቸውን ላነጋግር ጫማዬን ሳስር እናቷ ናት የመለሰችኝ። ይህንን የምጽፈው የዚያን ቀን ንዴቴ ልክ እንዳልነበረ ስለገባኝና ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ የሚያመነቱ ወላጆች ስለሚጠይቁኝ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመከር ወራት ለሁሉም ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት መዝገብ ይሰጣል። የዘንድሮው ሰባ ገጽ ገደማ ነበር፤ ክሱ፣ የስድስት ምስክሮች ቃል፣ የቃጠሎው ቦታ ንድፍ፣ የኢንሹራንስ ውሉ፣ አግባብ ያለው ሕግና ለተማሪ እንዲመች ያጠረ የማስረጃ ደንብ አለበት። ባለ ዳቦ ቤቱ የኢንሹራንስ ገንዘብ ለመቀበል ቤቱን ራሱ አቃጥሏል ተብሎ ተከሷል። በየወገኑ ሦስት ጠበቆችና ሦስት ምስክሮች ይሰለፋሉ። አንዱን ምሽት ዐቃቤ ሕግ የነበረው ቡድን በሌላው ምሽት ተከላካይ ይሆናል፤ ትናንት «አቃጥሏል» ያለ ልጅ ዛሬ «አላቃጠለም» ብሎ ይከራከራል። ከመዝገቡ ውጭ አንዲት ነገር መፍጠር ክልክል ነው። ነጥብ የሚሰጡት በፈቃደኝነት የሚመጡ ጠበቆች ሲሆኑ፣ ጠበቃውም ምስክሩም እያንዳንዱ ከአሥር ይታረማል። ነጥቡና ፍርዱ ስለማይገናኙ ተከሳሹ በነፃ ተሰናብቶም የዐቃቤ ሕጉ ቡድን ሊያሸንፍ ይችላል። ይህንን ለእናቷ ማስረዳት አንድ ምሽት ፈጅቶብኛል።

አሁን ወደዚያች ምሽት ልመለስ። እውነተኛ የካውንቲ ፍርድ ቤት፣ እውነተኛ የምስክር መቆሚያ። ልጄ የእናቷን ሹራብ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ወጣች። የራሷ ወገን ጠበቃ በሚጠይቅበት በዋናው ጥያቄ ላይ ዳቦ ቤት የደረሰችው «ከሌሊቱ አሥር ሰዓት» መሆኑን ተናገረች። ከተቃራኒው ወገን መስቀለኛ ጥያቄ የያዘው ቀጭን ልጅ ቢጫ ወረቀቱን ይዞ ተነሣና መዝገቡ ውስጥ የተጻፈውን ቃሏን አቀረበላት። «ገጽ አሥራ አራት፣ መስመር ዘጠኝ። ያንብቡልን።» አነበበች። አሥር ሰዓት ተኩል ይላል።

እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ላብ አጠመቀኝ። ልደታ ሳለሁ ምስክር የሚፈርሰው እዚህች ቦታ ላይ ነበር። «ፖሊስ ተሳስቶ ነው የጻፈው» ይላል፤ ወይም «ሰዓት አልነበረኝም» ይላል፤ ከዚያ በኋላ እውነት ቢናገርም የሚያምነው የለም። ልጄ ወረቀቱን ትንሽ ተመለከተችና «የተጻፈው ነው ልክ፤ አሁን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች።

ልጁ ትክዳለች ብሎ ስምንት ጥያቄ አዘጋጅቶ ኖሯል። ቢጫውን ወረቀት ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ጨነቀውና «ታዲያ ለምን እናምንዎታለን?» አላት። አይ የልጅ ነገር! መስቀለኛ ጥያቄ ላይ «ለምን» አይባልም፤ በር ከፍቶ መስጠት ነው። ልጄም ገባችበት፤ በሩን ስትከፍት የሸተታትን ቤንዚን፣ ባለቤቱ ጓሮ ቆሞ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ማየቷን፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራዋ ከሆነ ሰው ላይ ለመመስከር እንዴት እንደከበዳት፣ ሁሉንም ዘርዝራ ተናገረች። ሁሉም መዝገቡ ውስጥ ስላለ የሚቃወምበት አላገኘም። ዘጠኝ ከአሥር ሰጧት።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 137 መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን ራሱ የሚጠቁም ጥያቄ፣ በዋናው ጥያቄ ላይ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ እንዳይቀርብ፣ በመስቀለኛው ላይ ግን እንዲፈቀድ ይደነግጋል። አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። ለምን እንደተጻፈ በደንብ የገባኝ ግን እነዚህን ልጆች ሳይ ነው። አያቴ ስለ በላ ልበልሃ ሲያወሩ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፣ በትሩን ይዞ፣ በበቅሎና በማር እየተወራረደ ባላጋራውን እንደሚያፋጥጥ ይነግሩን ነበር። ቢጫ ወረቀት የያዘው ልጅ በትር ቢጨመርለት ያምርበት ነበር።

ከዚህ በኋላ ቅሬታዬን ልናገር። አንደኛ፣ ቡድኖቹ እኩል አይደሉም። የኛን ልጆች ሊያሠለጥን የተመደበው ፈቃደኛ ጠበቃ በአምስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ መጣ፤ ተጋጣሚዎቻችን ግን ሦስት የጠበቃ ወላጆች ከኋላቸው ነበሩ። ውድድሩ በሥራ ቀን ማታ ስለሆነ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል የቆየንባቸው ቀናት ነበሩ፤ ማታ ፈረቃ የሚሠራ ወላጅ ልጁን ማን ያምጣለት? አንድ ነጥብ ሰጪ ደግሞ በአስተያየት ወረቀቱ ላይ «ጥሩ ነው» ብሎ ብቻ ጽፎ ሄዷል። ሰባ ገጽ ላጠና ልጅ ይህ ይበቃዋል? ወጪውን በተመለከተ ትምህርት ቤቱ ስለሚሸፍነው እኛ ያወጣነው ለአንድ ኮትና ለጫማ ብቻ ነው፤ ኮቱም ቡድኑ ወገን ቀይሮ እሷም ተከላካይ ጠበቃ ሆና በተሰለፈችበት ምሽት ብቻ ተለበሰ። (በጠበቃነቱ ሰባት ነው ያገኘችው። ተቃውሞ ለማቅረብ ቸኮለች፤ «የስሚ ስሚ ነው» እያለች ሁለቴ ያለ ቦታው ተነሣች።)

ከሁሉም የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ ችሎት ውስጥ ቀጠሮ የለም። ክሱ ተሰምቶ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ፍርድ ይሰጣል። ጠበቃ የማይቆምለት ተከሳሽም የለም፤ እኔ ብቻውን ቆሞ «እግዜር ያውቃል» ከማለት ሌላ መከራከሪያ የሌለው ስንቱን በጽሑፍ አስፍሬአለሁ። አሜሪካ ውስጥ ራሱ ከሚፈረድባቸው ከመቶ ዘጠናው የሚበልጠው ምስክር ሳይሰማ በጥፋተኝነት ድርድር፣ ማለትም ቅጣት እንዲቀልለት ጥፋቱን አምኖ፣ እንደሚጨርስ ልጆቹ አንድም ቀን አልተነገራቸውም። አንድ ቅዳሜ ለዚህ ቢሰጥ ምን ነበረበት?

በነገራችን ላይ ሀገር ቤትም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የምስለ ችሎት ውድድር ያዘጋጃል። እዚያ ልጆቹ የሚከራከሩት በተሰጣቸው ጉዳይ ላይ ሕጉን እየጠቀሱ ነው፤ የዚህኛው ዋና ነገር ምስክር ነው። ዲሲ ያላችሁ ደግሞ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕግ እንደሚያስተምሩ እወቁ፤ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

ላስመዝግባት ወይ? አዎን፣ አስመዝግቧት። ዓይን አፋር ልጅ ካለቻችሁማ ዛሬ ነገ አትበሉ። «ልጄ ጠበቃ ካልሆነች» ብላችሁ መምህር አታስቸግሩ፤ ጠበቃው ጥያቄውን ቤቱ ጽፎ ይመጣል፣ ምስክር ግን የሰውን ሕይወት አጥንታ፣ ምን እንደሚጠይቋት ሳታውቅ ነው የምትቀመጠው። ቀድማችሁም ድረሱ፤ ወንበሩ ጥቂት ነው፣ የፍርድ ቤቱ አካባቢ የመኪና ማቆሚያ ዋጋም ከእኛ ይብሳል።

ውድድሩ ሲያልቅ መጀመሪያ ለደወልኩላቸው ዘመዶች ሁሉ መልሼ ደወልኩና ልጄ ጠበቃ ሳይሆን ምስክር ሆና ዘጠኝ ከአሥር እንዳገኘች በኩራት ነገርኳቸው። ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ግን ገና «ምስክር» የሚለውን ስትሰማ ድምፅዋ ተለወጠ። «ምን አይታ ነው ልጄ? ማን ላይ ነው የመሰከረችው?» አለችኝ።