የዲኤችኤስ ዳታ ለጤና ልዩነት ጥናት፦ የሚሰጠውና የሚያሳስተው

በታዳጊ አገሮች ድሃና ሀብታም በጤና ምን ያህል እንደተራራቁ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዲኤችኤስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ገንዘብ የተጀመረው ይህ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ90 በላይ አገሮችን ያዳረሰ ሲሆን፣ ዳታው ለተመራማሪ የሚሰጠው በነፃ ነው። ለዚህ ሥራ የተሻለ ምንጭ ማግኘት ከባድ ነው። ሆኖም ፋይሉን ከፍቶ ወዲያው ሠንጠረዥ የሚያወጣ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ሶፍትዌሩም ስሕተት ነው ብሎ አያስጠነቅቀውም።

ዳታውን ለማግኘት በዲኤችኤስ ድረ ገጽ አካውንት ከፍቶ ስለ ጥናቱ አጭር መግለጫ መጻፍ ያስፈልጋል። የጂፒኤስና የኤችአይቪ ፋይሎች ለብቻቸው፣ ከነምክንያታቸው ይጠየቃሉ። ፋይሉ ስታታና ኤስፒኤስኤስ ለተባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ተዘጋጅቶ ይገኛል። ለሕፃናት ክትባት ኬአር የተባለው፣ ለሕፃናት ሞት ቢአር፣ ለቤተሰብ አባላት ፒአር ይወርዳል።

መጀመሪያ የሚነካው ዌይቱ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ መላሽ የሚሰጠው የውክልና ክብደት ነው። እርሱን የያዘው ቪ005 የተባለው ተለዋዋጭ ያለ ነጥብ ስለተጻፈ ለ1,000,000 ይካፈላል። ጥናቱ ከትንንሽ ክልሎች ሆን ብሎ ከድርሻቸው በላይ ናሙና ስለሚወስድ፣ ዌይት ካልገባ የእነዚያ ክልሎች መልስ አገራዊውን አማካይ ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ናሙናው የተወሰደባቸው የአካባቢ ስብስቦችና ምድቦች፣ ማለትም ክላስተሩና ስትራታው (ቪ021 እና ቪ022) ከተረሱ ደግሞ ስታንዳርድ ኤረሩ (የግምቱ የስሕተት መጠን) አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ ያንሳል፤ የሌለ ልዩነት እንዳለ መስሎ ይታያል።

ቀጥሎ ልዩ ኮዶቹ አሉ። መቀንጨርን፣ ማለትም ለዕድሜ የሚገባው ቁመት ማነስን፣ የሚለካው ኤችደብሊው70 የተባለው ነጥብ በ100 ተባዝቶ የተቀመጠ ነው፤ ከ-200 በታች የሆነ ሕፃን ቀንጭሯል ማለት ነው። 9996፣ 9997 እና 9998 ግን እውነተኛ ነጥብ አይደሉም፤ ልኬቱ እንደማይታመን የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። ካልወጡ እነዚያ ሕፃናት ሁሉ «ያልቀነጨረ» ተብለው ይቆጠራሉ፣ መቶኛውም ዝቅ ይላል። ጥራት የጎደለው ልኬት በድሃው ምድብ ከበዛ ደግሞ በድሃና በሀብታም መካከል ያለው ርቀት ከእውነቱ አንሶ ይወጣል።

ብዙ ጥናት የሚበላሸው ግን የሀብት ኢንዴክሱ ላይ ነው። ዲኤችኤስ የቤተሰብ ገቢም ፍጆታም አይለካም። ቤቱ መብራት አለው ወይ፣ ወለሉ ከምን ተሠራ፣ ውኃ ከየት ይቀዳል፣ ስልክ ወይም ፍሪጅ አለ ወይ ብሎ ይጠይቅና መልሱን በፕሪንሲፓል ኮምፖነንት ስሌት ወደ አንድ ነጥብ ይጠቀልለዋል። ከዚያ ሕዝቡን ከአምስት እኩል ምድብ ይከፍላል። እኩል የሚሆነው የሕዝቡ ቁጥር ነው እንጂ የሕፃናቱ አይደለም። ድሃ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ልጅ ስለሚወለድ፣ በብዙ አገር የመጨረሻው ድሃ ምድብ ከልደቶች ከ20 በመቶ በላይ ይይዛል፤ ስለዚህ ስሎፕ ኢንዴክስ (ከድሃው እስከ ሀብታሙ ያለውን ርቀት በአንድ ቁጥር የሚገልጸው መለኪያ) ሲሰላ የምድቦቹን ትክክለኛ ድርሻ ማስገባት የግድ ነው። ምድቡ በዚያ አገርና በዚያ ዙር ብቻ የሚሠራ አንጻራዊ ደረጃ መሆኑም አይዘንጋ። የአንዱ አገር ድሃ ምድብ በሌላው አገር መካከለኛ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ጣጣ አለ። ውኃና መጸዳጃ ቤት ኢንዴክሱ ውስጥ ስላሉ፣ ተቅማጥን በሀብት ደረጃ መተንተን አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መለካት ነው። የከተማ ድሃም መብራትና ቧንቧ ስለሚደርሰው ከገጠሩ ነዋሪ በላይ ይቀመጣል፣ ችግሩም ይሸፈናል። በቅርብ ዙሮች ከተማና ገጠርን ለየብቻ የሚመድበው ቪ190ኤ ስለገባ እርሱን መጠቀም ይሻላል።

ፖሊሲ ለመገምገም ለሚፈልጉ ዋናው እንቅፋት ጊዜው ነው። ከአምስት ዓመት በታች የሕፃናት ሞት በሀብት ምድብ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ከጥናቱ በፊት ያሉትን 10 ዓመታት ያጠቃልላል። ከሁለት ዓመት በፊት የተጀመረ የነፃ ሕክምና ፖሊሲ በዚያ ቁጥር ውስጥ ሊታይ አይችልም። በጤና ተቋም መውለድን የመሰለ መለኪያ ይሻላል፦ የልደት ቀኑን ከሚይዘው ቢ3 ተነሥቶ ከፖሊሲው በፊትና በኋላ የተወለዱትን መለየት ይቻላል። ርቀት ለማስላት ጂፒኤሱን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ነጥቦቹ የነዋሪዎችን ማንነት ለመጠበቅ ተብለው በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር እንደተገፉ ይወቅ፤ ከገጠሩ 1 በመቶ የሚሆኑት እስከ 10 ይደርሳሉ። በቤተሰብ ውስጥ የማይኖሩት፣ ማለትም ጎዳና ላይ ያሉና እስረኞች፣ ከናሙናው ውጭ ናቸው፤ በጤና ልዩነት ጥናት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ስሌቱን በእጅ መሥራት ለማይፈልግ የዓለም ጤና ድርጅት ሂት የተባለ የጤና ልዩነትን የሚያሰላ ነፃ መሣሪያ አለው፤ ሂት ፕላስ ደግሞ የራስን ዳታ ይቀበላል። ውጤቱ ሲጻፍ ግን ልዩነቱንም ውድሩንም ጎን ለጎን ማቅረብ ይገባል። ለምሳሌ የአንድ አገልግሎት ሽፋን በድሃው ምድብ ከ20 ወደ 45 በመቶ፣ በሀብታሙ ከ60 ወደ 90 ቢያድግ ውድሩ ከ3 ወደ 2 ይወርዳል፣ ልዩነቱ ግን ከ40 ወደ 45 ነጥብ ይሰፋል። አንዱን ብቻ የመረጠ ጸሐፊ የፈለገውን ድምዳሜ ማግኘት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲቆም ፕሮግራሙም ተቋርጦ የዳታ ጥያቄዎች ያለ መልስ ቀርተው ነበር። ስለዚህ አማራጭ መያዝ ብልህነት ነው፦ ተመሳሳይ የሀብት ኢንዴክስ ያለው የዩኒሴፍ የቤተሰብ ዳሰሳ ሚክስ፣ ፍጆታን በገንዘብ ለመለካት ደግሞ የዓለም ባንክ የኑሮ ደረጃ ዳሰሳ ኤልኤስኤምኤስ።