የኦክስጅን ሴንሰር ልትገዙ ነው? ኦሪጅናል፣ ኮፒ፣ ዩኒቨርሳል ወይስ የተፈታ

ቼክ ኢንጅን በርቶ፣ መኪናው ነዳጅ መብላት ጀምሮ፣ ኮድ ስታስነብቡ «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» (በጭስ መውጫው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ዕቃ) ከተባላችሁ ቀጣዩ ጥያቄ የትኛውን ልግዛ ነው። መቀየሩ ግቢ ውስጥ የሚያልቅ ስራ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ግዢው ላይ ነው። የማወራው በአብዛኛው ስለ ቶዮታ ነው፤ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ለያዛችሁ።

መጀመሪያ ኮዱን ራሳችሁ እዩት። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ኢኤልኤም 327 የሚባል ኮድ ማንበቢያ ይበቃል። ፒ0135 የፊተኛው ሴንሰር ማሞቂያ መስመር ነው፣ ፒ0141 ደግሞ የኋለኛው። ፊውዙና ሽቦው ደህና ከሆነ እዚህ ሴንሰሩን መጠርጠር ያስኬዳል። ፒ0420 ከሆነ ግን ብራችሁን ያዙ። እሱ የሚያወራው ስለ ካታሊስቱ፣ ማለትም በጭስ መውጫው ላይ ጎጂ ጋዝ ስለሚቀንሰው ክፍል ነው። የካታሊስቱ ውስጥ ተፈልፍሎ የወጣበት መኪና ላይ ሴንሰር ብትቀያይሩ መብራቱ ተመልሶ መብራቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ግዢው። የእኔ ምርጫ ዴንሶ በሚባለው የጃፓን አምራች ካርቶን የሚመጣው፣ ሶኬቱ ከነሽቦው ልክክ ብሎ የሚገባው ነው። ብዙ ቶዮታ ላይ ከፋብሪካ የተገጠመው ራሱ ዴንሶ ስለሆነ በቶዮታ ካርቶን የሚሸጠው ውድ ዕቃም ብዙ ጊዜ የዚያው ድርጅት ስራ ነው። ለካርቶኑ ስም ተጨማሪ መክፈል አይታየኝም። አሮጌው ላይ ኤንቲኬ (ሌላ የሴንሰር ብራንድ) የሚል ካያችሁ ደግሞ ኤንቲኬ ፈልጉ።

ዋናው ነገር ቁጥሩ ነው። የቶዮታ ቁጥር በ89465 ከጀመረ ኦክስጅን ሴንሰር ነው። በ89467 ከጀመረ ግን የአየርና የነዳጅ መጠን የሚለካው ሌላ ዓይነት ሴንሰር ነው። ጥርሳቸው አንድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ ሊጠበቅ ይችላል፣ የሚልኩት ምልክት ግን ስለሚለያይ ኮምፒውተሩ አያነበውም። ስለዚህ አሮጌውን ፈትታችሁ አካሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንሱና ሱቅ ሂዱ። «ለቪትዝ ይሆናል» የሚል ሻጭ አትመኑ። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ካላችሁም ቁጥሩን ላኩለት፣ የመኪናውን ስም ብቻ አትንገሩት።

ኮፒው ርካሽ ነው፣ ሲገጠም መብራቱ ሊጠፋም ይችላል። ችግሩ በኋላ ይመጣል፤ ማሞቂያው ቶሎ ይቃጠላል ወይም ምልክቱ ይዘገያል፣ ከዚያ እንደገና መፍታት ነው። የዴንሶ ስም የተለጠፈበት ኮፒም ስላለ አካሉ ላይ ያለው ጽሑፍ በጥልቀት የታተመ መሆኑን፣ ከካርቶኑ ቁጥር ጋርም መግጠሙን እዩ።

ዩኒቨርሳሉ ሶኬት የለውም፣ የድሮውን ቆርጣችሁ ትቀጥላላችሁ። የሽቦው ቀለም ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፣ ሽቦዎቹን በስህተት ማቀያየር ደግሞ ቀላል ነው። አንዳንድ ሴንሰር ንጹህ አየር የሚያገኘው በሽቦው ውስጥ ስለሆነ ብየዳ ያፍነዋል። ለጀማሪ አልመክርም።

ሶማሌ ተራ የሚገኘው ከሌላ መኪና የተፈታ ኦሪጅናል ልብ ያማልላል። ማሞቂያውን በመልቲሜትር መለካት ይቻላል፤ መስመሩ ከተቋረጠ እዚያው ትተዋላችሁ። ግን ማሞቂያው ደህና መሆኑ ጫፉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ዘይት በሚበላ ሞተር ላይ የቆየ ሴንሰር ጫፉ ይበከላል፣ ያንን መልቲሜትሩ አያሳያችሁም። የተፈታውን የምገዛው አዲሱ ጭራሽ ከጠፋ ብቻ ነው።

ለመፍቻ፣ ተራ 22 ቁልፍ ቦታው ሰፊ ከሆነ ይሰራል። የዛገ ከሆነ ግን ጭንቅላቱን ይበላዋል፣ እዚህ ላይ ለሽቦው ማለፊያ ጎኑ የተሰነጠቀ ቡሶላ ዋጋውን ያወጣል። ደብሊው ዲ 40 ረጭታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ሞተሩን ትንሽ አሙቁና ጓንት አድርጋችሁ ፍቱ። ከስር ከገባችሁ በክሪክ ብቻ አትተማመኑ፣ መደገፊያ አድርጉ። አዲሱን መጀመሪያ በእጅ አስጀምሩት፣ ከዚያ ወደ 40 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ሽቦውን በድሮው ክሊፕ እሰሩት፤ ማርሚታውን ከነካ ይቀልጣል፣ አዲስ የገዛችሁትም በዚያው ይሄዳል።