ሂርማታ አካባቢ ያገኘኋት በርጩማ

ለእናቴ በርጩማ ፈልጌ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ወዳለች ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ጎራ አልኩ። ባለቤቱ ጋሼ ሙያውን የተማሩት ማረሚያ ቤት ነው። ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። "ልጄ፣ ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔው ልንገርሽ" አሉኝ።

በርጩማዋ ከነሦስት እግሯ ከአንድ ግንድ የተጠረበች ናት። ሚስማር የለ፣ ኮላ የለ። መቀመጫዋን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ አንድ ስንጥር አልወጋኝም። እናቴ ቡና የምታፈላበት ወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ ንቅንቅ አትልም። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ ለሐሙስ ተብዬ የደረሰችልኝ ቅዳሜ ነው።

በ1996 በወጣው የወንጀል ሕጋችን፣ ታራሚ ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰና ጠባዩ ካማረ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ጋሼም የወጡት እንዲያ ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው አሉኝ። ቤት የሚያከራያቸው ጠፋ፤ ዋስ የሚሆናቸውም ጠፋ። መጀመሪያ መጥረቢያ ያዋሳቸው አንድ ጎረቤት ነው። መጥረቢያው ዛሬም እጀታው በላስቲክ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ለሁለተኛ በርጩማ ቀብድ ከፍያለሁ።