የባለጠጋ ፊት ወይስ የአደባባይ ሥራ፦ ሳርጀንትና አፈወርቅ ተክሌ

ደብረ ብርሃን ላይ ብሩሽ ላነሣ ወጣት ሁለት መንገድ አለው፦ ገንዘብ ያለውን ሰው መልክ በትዕዛዝ እየሣለ መኖር ወይም ለሕዝብ የሚቆም ሥራ መሥራት።

የመጀመሪያውን እስከ ጫፉ የሄደበት አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ «ማዳም ኤክስ» የተባለውን የአንዲት ሴት መልክ ሲያሳይ፣ ከትከሻዋ የወረደችው የቀሚሷ ማንገቻ ተመልካቹን አስቆጣች፤ በኋላ መልሶ ትከሻዋ ላይ ሣላት። ለንደን ገብቶ መኳንንቱና ሀብታሞቹ የሚሻሙበት ሠዓሊ ሆነ። ነገር ግን በ1907 ገደማ፣ ገና ተፈላጊ ሳለ፣ የትዕዛዝ መልክ መሣል በቃኝ አለ። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ይህ ነው። ደንበኛን ማስደሰት ውሎ አድሮ እጅን ያስራል።

በ1932 እ.ኤ.አ. አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ ለንደን፣ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱ። እሳቸውም መልክ ሥለዋል፤ ስማቸውን ከሁሉ በላይ ያስጠራው ግን አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የባለቀለም መስታወት ሥራ ነው። የአንድ ቤተሰብ ሳይሆን የአህጉር ታሪክ ነው።

ምርጫዬ ወደ አፈወርቅ ያደላል። ሆኖም ጀማሪውን መልክ መሣል ይቅርብህ አልለውም፤ ፊት ዓይንን ያሠለጥናል፣ የቤት ኪራይም ይከፍላል። የትዕዛዙን ገንዘብ ለሸራና ለቀለም እያዋለ ትልቁን ሥራ ከአሁኑ ይጀምር።