የማታውን አካውንቲንግ ላስተማሩን መምህር ምስጋና፤ ለምትፈልጉም ጥቆማ

የመጀመሪያው ሴሚስተር አለቀ። ሐሙስ ማታ የመጨረሻውን ፈተና ተፈትኜ ስወጣ መምህራችን በር ላይ ቆመው ነበር። ላመሰግናቸው ፈልጌ ቃል ጠፋኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብቻ ብዬ ወደ ታክሲ ሰልፉ ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ቆጨኝ። ስለዚህ ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ቀን ቀን ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ። ማታ ማታ በኤክስቴንሽን አካውንቲንግ እማራለሁ። 11፡30 ገብተን 2 ሰዓት ላይ እንወጣለን። ከሥራ በቀጥታ ስለምሄድ ክፍል የምገባው የምሳ ዕቃዬን እንደያዝኩ ነው።

ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ይህንኑ ትምህርት ጀምሬ አቋርጬ ነበር። እዚያ የነበረው አስተማሪ ስላይዱን አንብቦ ይወጣል። ጥያቄ ስንጠይቅ መልሱ «ሃንድአውቱ ላይ አለ» ነው። ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ ከማለት ያለፈ ነገር ሳልይዝ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ «እኔ ለቁጥር አልተፈጠርኩም» እያልኩ ነው የኖርኩት።

የአሁኑ መምህራችን ባንክ ቤት፣ ኦዲት ክፍል ውስጥ ረጅም ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ትሪያል ባላንስ (የዴቢቱና የክሬዲቱ ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ሠንጠረዥ) ሰጡንና የእኔ አልመጣጠን አለ። የዴቢቱና የክሬዲቱ ልዩነት 1,800 ብር ነው። ደጋግሜ ደመርኩ። ያው ነው። ጎረቤቶቼ ጨርሰው ደብተራቸውን ሲያስገቡ እኔ እንባዬ መጣ። ጋሼ አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ።

«ልዩነቱን ለ9 አካፍዪው» አሉኝ።

200 መጣ፣ ያለ ቀሪ።

«ጎሽ። እንግዲህ የተገላበጠ ቁጥር ፈልጊ። የሁለቱ አሃዞች ልዩነት 2 የሆነውን።»

በጣቴ እያንዳንዱን መስመር ወረድኩ። የሱቅ ኪራይ ላይ ስደርስ 5,300 መሆን የነበረበትን 3,500 ብዬ ጽፌዋለሁ። በቃ ይኸው ነው! ጋሼ ጠመኔያቸውን አንስተው ወደ ሰሌዳው ሄዱና ለሁሉም አስረዱ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ምናልባት አሃዝ ተገላብጧል። ለ2 ስታካፍሉት የሚመጣው መጠን መዝገቡ ላይ ካለ ደግሞ፣ ዴቢት መሆን የነበረበት ክሬዲት ላይ ተጽፎ ይሆናል። «ስህተት ዱካ አለው» ነው የሚሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ሒሳብ እንቢ ሲለኝ አልደነገጥኩም። አሁን ማታ ሱቅ ዘግተን ካዝና ስቆጥር ብር ቢጎድል መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው።

መብራት ሲጠፋ ክፍል አይበተንም። የስልካችንን ባትሪ አብርተን እንቀጥላለን። ያረፈደ ሰው ላይ ግን ቆጣ ይላሉ። ይህንን ቀድማችሁ እወቁ።

ከሁሉም ልቤን የነካው ፔይሮል፣ ማለትም የደመወዝ ስሌት፣ የተማርንበት ማታ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የደመወዝ ግብር ተቀይሯል። ድሮ ግብር የማይነካው የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ ነበር፤ አሁን 2,000 ሆኗል። ጋሼ የድሮውን ሠንጠረዥ በግራ፣ አዲሱን በቀኝ ጻፉና 9,000 ብር ደመወዝ ሰጡን። በድሮው ግብሩ 1,745 ብር ነበር። በአዲሱ 1,400 ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 630 ብር ሲቀነስ፣ እጅ ላይ የሚደርሰው 6,970 ብር ይሆናል። አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ያዋጣል። አንዱ ልጅ በችኮላ አሳስቶ ሲሠራ ጋሼ «ቀስ በል ልጄ፣ የሰው አስቤዛ ነው» አሉት።

በነጋታው ሱቃችን ዕቃ የሚያወርድልን ልጅ የደመወዝ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «እህቴ፣ ይህን ያህል ለምን ተቆረጠብኝ?» አለኝ። ድሮ ቢሆን «ሒሳብ የሚሠራውን ሰውዬ ጠይቀው» ነበር የምለው። ያን ቀን የፍሬን ሸራ ካርቶን ቀድጄ ጀርባው ላይ አንድ በአንድ ሠራሁለት። የመጀመሪያው 2,000 ነጻ። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ። ከዚያ በላይ እስከ 7,000 ያለው በ20። ጡረታ ለብቻው። ልክ ነበር፣ አልተበደለም። ካርቶኑን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

የ4 ኪሎውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችም ሳላመሰግን አላልፍም። ቤቴ ጠባብ ነው፣ ልጆችም አሉ። ለፈተና ያጠናሁት እዚያ ነው፤ ለማንበብ ገንዘብ አይጠየቅም። ቦታ ሳጣ ዞር ዞር ስል ያዩኝ አንዲት ሠራተኛ መስኮት ዳር ያለ ወንበር ጠቁመውኛል። እናቴ ይባረኩ።

አሁን ጥቆማው። ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ለብቻ ያስጠናሉ። እኛን ተማሪዎቻቸውን አያስከፍሉም። ከውጭ የሚመጣ ይከፍላል፤ ዋጋውን ከራሳቸው ጋር ተነጋገሩ። የራሳችሁ ሱቅ ኖሯችሁ መዝገባችሁ በሌላ ሰው እጅ ለሆነባችሁ አጥብቄ እመክራችኋለሁ። ትምህርት አቋርጣችሁ ለመመለስ ለፈራችሁም እንዲሁ። ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ብቻ ተምሬ ቶሎ ሥራ ልግባ ለሚል ሰው ግን አይሆኑም። እሳቸው ጋ መጀመሪያ በእጅ፣ በእርሳስ፣ ደብተር ላይ ነው። የድሮ ፈተናም አያድሉም።

ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ማውጣት ስላልፈለግኩ እዚህ አልጻፍኩትም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሳስፈቅዳቸው ደስ ብሏቸው «ይምጡ» ብለዋል። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር የቅዳሜው ክፍል ቶሎ ይሞላል።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበችልዎ፦ ያ 1,800 ብር ያለበት ደብተር አሁንም አለኝ። አልጣልኩትም።