የራስ ምታት ክኒኖች ከባሕር ዳር ፋርማሲዎች፦ የትኛው ዋጋውን ያወጣል?

«ፓራሲታሞል እኔን አይነካኝም» የሚል ሰው ፋርማሲ በር ላይ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የክኒኑ ሳይሆን የአወሳሰዱ ነው። ሰዉ ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ፍሬ ይውጣል፤ አዋቂን የያዘ ማይግሬን (ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን የሚጠዘጥዝ፣ ከማቅለሽለሽ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት) ግን ሁለት ፍሬ ይፈልጋል፣ ያውም ገና መጠዝጠዝ ሲጀምር። ከበረታ በኋላ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያዘገይ ክኒኑ እዚያው ይቆያል፤ አለዚያም ከትውከት ጋር ይወጣል። ማቅለሽለሽ ለሚያስቸግረው ሐኪም 10 ሚሊግራም ሜቶክሎፕራማይድ ቢያዝለት ትውከቱን ከማስታገሱም በላይ ጨጓራውን ያንቀሳቅስለታል። የፓራሲታሞል ጣሪያ በ24 ሰዓት 4 ግራም ነው፤ ጉበቱ ለታመመና መጠጥ ለሚያዘወትር ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ለነፍሰ ጡር መጀመሪያ የሚታሰበውም እሱ ነው።

ለማይግሬን ግን አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ይበልጠዋል። ጨጓራና ኩላሊት የታመመ፣ ነፍሰ ጡርም አይንካው። ዳይክሎፌናክ የእሱው ዘመድ ስለሆነ ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ጉዳት እንጂ ትርፍ የለውም። በጾም ቀን ባዶ ሆድ ላይ መውሰድም ጨጓራን ይልጣል። ለነገሩ የጾም ቀን ራስ ምታት ከረሃብና ከውሃ ጥም ሌላ የቡናም ዕዳ አለበት፤ የዘጌን ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ይፈልጠዋል። ከጾሙ በፊት በነበሩት ቀናት ስኒውን ቀስ በቀስ መቀነስ ከክኒን ይሻላል።

ኤርጎታሚን ከካፌይን ጋር የተቀመመው ክኒን «ኃይለኛው» እየተባለ ይጠየቃል። ኃይለኛነቱ እውነት ነው፤ የደም ሥርን ያጠብባል። ጭንቅላትን እንደ ሻሽ ጥብቅ አድርጎ ለሚይዘው፣ በሁለቱም ወገን ለሚሰማው የውጥረት ራስ ምታት ግን አይደለም። ማይግሬን ሲጀምር 2 ፍሬ፣ ካስፈለገ በየግማሽ ሰዓቱ 1 ይጨመራል፤ በአንድ ሕመም ከ6፣ በሳምንት ከ10 አይታለፍም። ራሱም ያቅለሸልሻል። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ክልክል ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨቱ ነው፦ ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን ወይም እንደ ሪቶናቪር ያሉ የኤችአይቪ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ያከማቹታል፤ ጣት ይደነዝዛል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሥጋ እስከ መሞት ይደርሳል። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ፋርማሲ ካጋጠማችሁ ሌላ ፋርማሲ ፈልጉ።

የትኛውም ቢሆን ሲዘወተር ራሱ በሽታ ይሆናል። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ የወሰደ ሰው በየጠዋቱ የሚነሳ ራስ ምታት ያተርፋል። እዚህ ደረጃ የተቃረበ ሰው ሕመሙ እንዳይነሳ ስለሚከላከል መድኃኒት ሐኪም ያማክር፦ ፕሮፕራኖሎል (አስም ለሌለበት)፣ ወይም ማታ የሚወሰድ አነስተኛ አሚትሪፕቲሊን። እነዚህ ከሳምንታት በኋላ ነው ለውጣቸው የሚታየው፤ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መጣል የተለመደ ስህተት ነው።

ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሻጩ ፓኮውን በመቀስ ሲቆርጥ የማብቂያው ቀን በሌላው ቁራጭ ላይ ይቀራል። ሳይቆረጥ አሳዩኝ በሉ።

ጣና ዳር ትኩሳት ያለበት ራስ ምታት ከክኒን በፊት የወባ ምርመራ ይፈልጋል። አንገት ከገተረ፣ አንድ ጎን ከደከመ ወይም ሕመሙ በድንገት ከመጣና በደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ከነካ ግን ፋርማሲ ሳትቆሙ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።